ያለ «ዩ» የሚጻፉ የ«ኪው» ቃላት በእርግጥ እንግሊዝኛ ናቸው?

ጥያቄ፦ መምህርት ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረውም የማስተምረውም በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። በትምህርት ቤታችን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእንግሊዝኛ ክበብ ተሰብስበው፣ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየገጣጠሙ ቃል የመመሥረት ጨዋታ ይጫወታሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ኪው፣ ኤ እና ቲን ደርድሮ «ቃት» የሚል ቃል ሠራ። ተጋጣሚው ወዲያውኑ «ኪው ያለ ዩ አይጻፍም፤ ታች ክፍል ሳለን የተማርነው ሕግ ነው» ብላ ጠጠሮቹን ከሰሌዳው ላይ ልታነሣ እጇን ዘረጋች። ልጁ በበኩሉ በመስኮት ወደ ውጭ እየጠቆመ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ባለ ሁለት ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ቂሊንጦ የሚለው ስም በምን እንደተጻፈ ጠየቃት። እውነትም በቁቤ የተጻፈው ስም የሚጀምረው በኪው ሲሆን የሚከተለውም አይ እንጂ ዩ አይደለም። ነገር ግን ሰሌዳው አፋን ኦሮሞ እንጂ እንግሊዝኛ ስላልሆነ ክርክሩን ሊዳኘው አልቻለም። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ ቃሉን ከነትርጉሙ አገኘነው፤ ትርጉሙም ሁላችንም የምናውቀው ጫት ሆኖ ተገኘ።

ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ኪው ያለ ዩ የሚገኝባቸውን ሌሎች ቃላት ካላመጣሽልን እያሉ አስቸግረውኛል። እኔም የእነዚህን ቃላት ትርጉም ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጡና እንዴት እንደሚነበቡ በቅጡ አውቄ ልመልስላቸው እፈልጋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ፣ እንዲህ ያሉ ቃላት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው ብሎ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ማስተማር ተገቢ መሆኑና አለመሆኑ ነው። የምታውቁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር ከኮተቤ

የተከበርሽ መምህርት፣ ልጅሽ ያነሣው ጥያቄ ከጨዋታም ያለፈ ነው። በመጀመሪያ ሕጉን ራሱን እንመርምረው፤ ምክንያቱም ኪው ሁልጊዜ ከዩ ጋር ይሄዳል የሚለው ደንብ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ አብሮት የተወለደ አይደለም። የጥንቱ እንግሊዝኛ ዛሬ ኰይንና ኰይክ እያልን የምናነባቸውን፣ ማለትም ንግሥትና ፈጣን የሚሉትን ቃላት፣ ይጽፋቸው የነበረው በሲ እና በደብልዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ግን በላቲንና በፈረንሳይኛ አጻጻፍ የሠለጠኑ ጸሐፍት የለመዱትን ኪውና ዩ በነባሮቹ ቃላት ላይ ጭምር አዋሉት። የሁለቱ ፊደላት ጥምር የሚወክለው ድምፅ እኛ በአንዲት ፊደል «ኰ» ብለን የምንጽፈውን ነው። እኛ ኰን እና ከን፣ ቈን እና ቀን ለይተን የምንጽፍ ሰዎች ስለሆንን፣ ዩ እዚያ የገባው ከንፈርን ለማሾል መሆኑን ተማሪዎችሽ ለመረዳት ብዙ አይቸገሩም።

የፊደሉ የዘር ሐረግ ደግሞ ወደ እኛው ሰፈር ይመልሰናል። ኪው ከላቲን፣ የላቲኑ ከግሪክ «ቆጳ»፣ የግሪኩ ደግሞ ፊንቃውያንና ዕብራውያን «ቆፍ» ከሚሉት ፊደል የወረደ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ቆፍን ያውቀዋል፤ በሃያ ሁለቱ የዕብራይስጥ ፊደላት የተከፋፈለው ረጅሙ መዝሙር ጻዴን አልፎ ወደ ሬስ ከመድረሱ በፊት ያለው ክፍል ርእሱ ቆፍ ነው። የእኛ «ቀ»ም በደቡብ ዓረቢያ ፊደል በኩል ከዚያው ግንድ የመጣ ነው። ግሪኮች ቆጳን ከንባብ ፊደላቸው ካስወጡት በኋላ እንኳ ለዘጠና ቁጥር ምልክትነት አስቀርተውት ነበርና፣ አኃዞቻችን ከግሪክ ፊደላት ሲወሰዱ ይኸው ቆጳ የእኛ ፺ ሆኖ ቀረ። ይህን እግረ መንገዴን ያነሣሁት ዝም ብዬ ማለፉ ስላላስቻለኝ ነው።

እንግዲህ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ኪው ያለ ዩ ስታዪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ የመጣው «ቀ»ን ከ«ከ» ከሚለይ ቋንቋ ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህ ልዩነት የለውም፤ ስለዚህ ዓረብኛንና ዕብራይስጥን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሊቃውንት ኬን ለ«ከ» ትተው፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ኪው ለ«ቀ» ሰጡት። ቁቤም ያደረገው ይህንኑ ነውና የልጅሽ የሰሌዳ ማስረጃ በእንግሊዝኛው ክርክር ባያስረታም፣ አጻጻፉ የቆመበት ምክንያት ግን አንድ ነው።

አሁን ቃላቱን ተመልከቺ፤ ለእንግሊዛዊ ልጅ እንቆቅልሽ የሆኑት ለአንቺ ተማሪዎች የቤት ቃላት ናቸው። ኤስ፣ ዩ፣ ኪው ተብሎ የሚጻፈው «ሱቅ» ነው። በእንግሊዝኛው የሚገልጸው እንደ እኛ አንዱን መደብር ሳይሆን የዓረብ አገሩን ገበያ በሞላ ነው፤ እዚህ ቃል ላይ ዩ መኖሩ ባይቀርም ከኪው በፊት እንጂ በኋላ አልመጣም። «ሸቀል» የሚሉት ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱሳችን ሰቅል ነው። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን እርሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በአራት መቶ ሰቅል ብር ሲገዛ የምናነበው ይኸው መለኪያ፣ ዛሬ የእስራኤል መገበያያ ገንዘብ ስም ሆኗል። መጨረሻው በኪው የሚጻፈው «ጻዲቅ» ምን እንደሆነ ልንገርሽ ብል ማላገጥ ይሆንብኛል፤ በእንግሊዝኛው የሚጠሩበት ግን የአይሁድ ጻድቃን፣ በተለይም ሐሲዲም የተባሉት ማኅበረሰቦች መንፈሳዊ መሪዎች ናቸው። ሙስሊም ተማሪዎችሽ ደግሞ የሸሪዓ ዳኛ የሆነውን ቃዲን፣ የሶላት አቅጣጫን የሚያመለክተውን ቂብላን፣ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ተለይቶ የሚቀመጠውን ንብረት ወቅፍን፣ እንዲሁም ኒቃብንና ቡርቃን አንዱንም ሳታስረጂያቸው ያውቋቸዋል። ምናልባት ባዕድ የሚሆንባቸው «ቃናት» ነው፤ እርሱም በፋርስ ምድር ውኃን ከተራራ ሥር ወደ እርሻ የሚያመጣ፣ ከመሬት በታች በጥቂቱ እያዘቀዘቀ የሚሄድ ቦይ ነው። በየርቀቱ የተቆፈሩት ጉድጓዶች አየር ያስገባሉ፤ ሠራተኞችም ለጠረጋ የሚወርዱት በእነርሱ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ አንድ የኢራን ቃናቶችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ጫት ለምን በኪው ተጻፈ ለሚለው መልሱ፣ እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከእኛ ሳይሆን ከየመን ዓረብኛ «ቃት» መሆኑ ነው። የስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ የሊኔየስ ተማሪ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1763 እዚያው የመን የሞተው ፒተር ፎርስኮል ተክሉን ለአውሮፓ ሳይንስ ሲያስተዋውቅ «ካታ» ብሎ የሰየመው ከዚሁ ተነሥቶ ነው።

መልስ፦ የጨዋታው ወዳጅ ከአያት

ከላይ ለተጻፈው ትምህርት ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ የማክለው የጨዋታውን ወገን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛው ስክራብል 100 ጠጠሮች አሉ፤ ከእነርሱ ኪው አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋው 10 ነጥብ ነው፤ ዩ ደግሞ አራት ነው። አራቱም ዩዎች በሌላው ሰው እጅ ከገቡ ወይም ቀድመው ሰሌዳው ላይ ካለቁ፣ ኪው የያዘ ተጫዋች ያለ ዩ የሚጻፍ ቃል ካላወቀ በቀር ፊደሉ እጁ ላይ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ጨዋታውን አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች እነዚህን ቃላት የሚያጠኑት ለዕውቀት ብለው ሳይሆን ለመዳን ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ኪው እና አይ ብቻ ያሉት «ቺ» የሚባለው የቻይና ቃል ነው፤ ትርጉሙም በሰውነት ውስጥ ይመላለሳል የሚሉት የሕይወት ኃይል ነው። የአሜሪካ ተጫዋቾች ይህን ቃል የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ኪው የያዘ ሰው እንደ ድሮው አይጨነቅም።

ለክበባችሁ የምመክረው፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በየትኛው መዝገበ ቃላት እንደምትዳኙ እንድትስማሙ ነው። የተጸውዖ ስም ስለማይፈቀድ ኢራቅና ኳታርን ይዞ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም፤ አስቀድማችሁ ንገሩት። ያቺ እጇን የዘረጋች ልጅ ቃሉ ትክክል ሆኖ በመገኘቱ በውድድር ደንብ ብትዳኝ ኖሮ ተራዋን ልታጣ ትችል ነበር፤ በተማሪዎች መካከል ግን ይህን ያህል መክረር አያስፈልግም።

መልስ፦ ወላጅና መምህር ከሰበታ

እኔ በመጠኑ የተለየ አሳብ አለኝ። የቃላቱ ታሪክ የሚያስደስት መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ በየዓመቱ የማርመው የተማሪዎች ድርሰት የሚያሳየኝ ችግር ሌላ ነው። ጸጥታ የሚለውን «ኳየት» እና በጣም የሚለውን «ኳይት» የሚለየው የአንዲት ኢ መቀመጫ ብቻ ስለሆነ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እንኳ «ክፍሉ በጣም ነበር» ብሎ ይጽፋል፤ መተው የሚለው «ኲት» ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይባስ ይደበላለቃል። እነዚህ ሦስቱ በየገጹ የሚገኙ ቃላት ናቸው፤ ቃናትን ግን አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ በአንድም ንባብ ላያገኘው ይችላል። ብርቅ የሆነውን ቃል ያወቀ ልጅ ተራውን ማጥናት የተናቀ ሥራ ይመስለዋል፤ ይህን በገዛ ልጄም አይቼዋለሁ። በክበብ ይጫወቱበት፤ በክፍል ሰዓት ግን ሕጉን እንደ ሕግ ማስተማሩ ይሻላል እላለሁ፤ ያለ ዩ የሚጻፉት ከጠቅላላው ሲታዩ ኢምንት ናቸውና።

መልስ፦ ተርጓሚ ከለገጣፎ

የሰበታው ወንድሜ የተናገሩት ስለ ክፍል ሰዓት ከሆነ እስማማለሁ፤ ሕጉን እንደ ሕግ ከማስተማር ይልቅ ግን «የእንግሊዝኛ ነባር ቃላትና ከላቲን የመጡት እንዲህ ይጻፋሉ» ብሎ ማስተማሩ የሚከብድ አይመስለኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብቻ ነው፤ ልጁም ኋላ ኢራቅ የሚለውን ስም በካርታ ላይ ሲያይ አስተማሪው የዋሸው አይመስለውም።

የኮተቤው መምህራችን የሰጡት ማብራሪያ ለዓረብኛና ለዕብራይስጥ ቃላት የታመነ ነው፤ «አብዛኛውን ጊዜ» ማለታቸውም ትክክል ነው። ከዚህ ውጭ ያሉት ግን ጥቂት አይደሉምና ተማሪዎቹ ኪው ባዩ ቁጥር «ቀ» ብለው እንዳያነቡ ያስፈልጋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ባጸደቀችው የላቲን አጻጻፍ ኪው የሚወክለው ለእኛ «ች» የሚቀርብ ድምፅ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የሁለት ፊደል ቃል «ቺ» ተብሎ የሚነበበው ለዚህ ነው። በዙሉ ቋንቋ ደግሞ ኪው ምላስን ከላንቃ በማላቀቅ የሚወጣ የጠቅታ ድምፅ ምልክት ነው፤ «ምባቃንጋ» የተባለው የደቡብ አፍሪካ የሙዚቃ ስልት በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገባው ይህን ፊደል ይዞ ነው። ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ነዋሪዎች የተወሰደው «ኪቪዩት» በክረምት ከማይረግፈው ጠጉሩ ሥር ለስላሳ ሱፍ የሚያበቅል የዚያ አገር በሬ መሰል እንስሳ ሱፍ ሲሆን፣ «ኡሚያክ» ደግሞ በቆዳ የተለበጠ ጀልባ ነው። «ኰርቲ» የሚባለው ግን ከየትም አገር አልመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ ከቀረበው የሬሚንግተን የጽሕፈት መኪና የተወረሰው የፊደል ገበታ የላይኛው መስመር የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት ናቸው። ስልካችን ላይ በየቀኑ የምንነካቸው እነዚሁ ናቸው።

ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ የአልባንያው «ቂንዳር» ነው። የአልባንያ ገንዘብ የሆነው አንድ ሌክ አንድ መቶ ቂንዳርካ (የቂንዳር ብዙ ቁጥር) ነው፤ ስሙም በቋንቋቸው መቶ ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ሲሆን ሥሩ የላቲኑ «ኬንቱም» ነው። ከዚያው የላቲን ሥር በግሪክ በኩል ወደ ዓረብኛ የገባው «ቂንጣር» የክብደት መለኪያ ሆነ፤ አውሮፓውያን እንደገና ከዓረቦች ወስደው «ኰንታል» አሉት፤ ከእነርሱም ወደ እኛ ዞሮ መጣ። አሸዋ ሜዳ ላይ ጤፍ በኩንታል ሲጫን አንድ መቶ ኪሎ የሚባለው መቶነት በቃሉ ሆድ ውስጥ ያለ ነው። ልብ በሉ፣ በአውሮፓ ጉዞው ላይ ያንን ዩ ያተረፈው ኩንታል ሲሆን የአልባንያው ዘመዱ ግን ያለ ዩ ቀርቷል።

ስለ ንባቡ መምህርቷ ለጠየቁት፣ ከዓረብኛና ከዕብራይስጥ የመጡትን እንግሊዞች የሚያነቧቸው በተራ «ከ» ነው። ቃት «ካት»፣ ሱቅ «ሱክ»፣ ቆፍ «ኮፍ» ይባላል። የእኛ ልጆች «ቀ»ን አጥብቀው ቢያነቡ ወደ ምንጩ ይቀርባሉ እንጂ ወደ እንግሊዝኛው አይቀርቡም። ስለ አጻጻፉ ደግሞ ከሥራዬ የማውቀውን ልጨምር። እነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ኪው የሌለበት ሌላ አጻጻፍ አላቸው፤ በጋዜጣና በመጻሕፍትም የሚበዛው ያኛው ነው። ሰቅልን በኬ፣ ጫትን በኬና በኤች፣ ሱቅን በኦ፣ በዩና በኬ የሚጽፉት ይበልጣሉ። ስለዚህ ተማሪው ድርሰት ሲጽፍ የተለመደውን ይያዝ፤ ኪው ያለበትን ለጨዋታው ያቆየው።

ምላሽ፦ መምህርት ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዛሬው ክበብ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቋቸውን፣ በሌላው ወገን ከሩቅ የመጡትን እንዲጽፉ አደረግሁ። ጻድቅን ለአይሁድ መጠሪያነት ማግኘታቸው ብዙ አከራከራቸው፤ አንዷ ተማሪ «ታዲያ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በእንግሊዝኛ በዚህ ቃል እንጥራቸው ወይ» ብላ ጠይቃኝ እንደማይሆን አስረድቻለሁ። ኳየትና ኳይትንም በዚያው አጋጣሚ አጽፌያቸዋለሁና የሰበታው ወንድማችን ደስ ይበላቸው። አንድ ጥያቄ ግን መመለስ አቅቶኝ ይዤው መጥቻለሁ። ከዓረብኛና ከዕብራይስጥ ይህን ያህል የ«ቀ» ቃል ከተወሰደ፣ ከአማርኛ በቀጥታ የተወሰደ የለም ወይ? ቅኔ የሚለውን የውጭ ሊቃውንት በኪው እንደሚጽፉት አይቻለሁ፤ በተራው መዝገበ ቃላት ግን አጣሁት።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር ከኮተቤ

ቅኔን በጥናት መጻሕፍት እንጂ በጨዋታው ዝርዝር አታገኚውም። የ«ቀ» ቃል ወስደዋል ወይ ላልሽው ግን አንድ አለ፤ እርሱም ቀበሌ ነው። የኢትዮጵያ የአካባቢ አስተዳደር ክፍል ተብሎ በትልልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተመዝግቧል። የገባው ግን በኬ ነው፤ በእኛ አገር የቢሮ ሰሌዳዎችና ደብዳቤዎች ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የኖረው እንደዚያ ስለሆነ እነርሱም እንዳገኙት ወሰዱት። አቃቂንም ቃሊቲንም እኮ በእንግሊዝኛ የምንጽፋቸው በኬ ነው።

መልስ፦ የጨዋታው ወዳጅ ከአያት

መምህር እንዳሉት ቀበሌ በጨዋታውም የተፈቀደ ቃል ነው። ኬ 5 ነጥብ ስለሆነ ከሦስቱ ኢ፣ ከቢና ከኤል ጋር 12 ያስገኛል፤ በኪው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 17 ይሆን ነበር።